በሁለት ጥርስ እንጀራ ይበላል ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ልጅ ነች ትዝ ያለችኝ። ልጅሽ አሥር ወሩ ነው፣ ከታች ሁለት ጥርስ ብቻ አውጥቷል፣ ማዕድ ሲቀርብ እጁን ይዘረጋል። እናትሽ ደግሞ «ጥርሱ ሳይሞላ እንጀራ ብትሰጪው ሆዱን ይነፋዋል፣ አጥሚቱ ይበቃዋል» ብለውሻል። እኛ ከምንበላው ልስጠው ወይስ ልጠብቅ ነው ጥያቄሽ። ስጪው፤ አትጠብቂ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ በመጀመሪያዋ ተሳስቼ በሁለቱ የተማርኩት ስለሆነ ትንሽ ባስረዝም አትታዘቢኝ።

መጀመሪያ ስለ ጥርሱ። ቀድመው የሚወጡት የፊት ጥርሶች የሚቆርጡ እንጂ የሚያላምጡ አይደሉም። የሚያላምጠው የመንጋጋ ጥርስ ነው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኞቹ ልጆች ብቅ የሚለው ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ከ13 እስከ 19 ወር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥርስ ያለውም ስድስት ያለውም የአሥር ወር ልጅ የሚያላምጠው በድዱ ነው። እጅሽን ታጠቢና ጣትሽን አስነክሺው፤ ያ ድድ ምን ያህል እንደሚጠነክር ያኔ ታውቂዋለሽ። የበሰለ ድንች፣ የራሰ እንጀራ፣ የላመ ክክ አያቅተውም። እኔ የምለካው በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ነው። ጫን ሳደርገው ከፈረሰ ይሰጣል፤ ካልፈረሰ ወደ ድስቱ ይመለሳል።

የመጀመሪያዋን ልጄን ዓመት ከሁለት ወር እስኪሆናት ድረስ ሁሉንም በብሌንደር ፈጭቼ ነበር የማበላት። ድንቹ፣ ካሮቱ፣ ሥጋው አንድ ላይ ይገባና አንድ መልክ ያለው ቀጭን ነገር ሆኖ ይወጣል። ትን እንዳይላት ፈርቼ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንዲት የሩዝ ፍሬ ምላሷ ላይ ካረፈች ወደ ላይ ይላታል፣ ትተፋለች፣ ታለቅሳለች። ሁለት ዓመት እስኪሞላት ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሆዴ ይረበሽ ነበር። ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ማላመጥ እንደ መራመድ የሚለመድ ነገር መሆኑን፣ ጓጓላ ያለው ምግብ ከ9 እና ከ10 ወር በላይ ሲዘገይ ብዙ ልጆች በኋላ እንደሚያስቸግሩ ነገረኝ። ያኔ ያዘንኩት ማንም ቀደም ብሎ ስላልነገረኝ ነው፤ ለዚህ ነው ላንቺ የማረዝመው።

ለሁለተኛው ብሌንደሩን ከመደርደሪያው አላወረድኩትም። የእኛ ማዕድ እኮ ለድድ የተሠራ ነው የሚመስለው። ክክ አልጫ ወይም ምስር ስሠራ ሽንኩርቱ በዘይት ከበሰለ፣ እርድ ከገባ፣ ክኩም ከላመ በኋላ፣ ጨው ሳይገባ በፊት አንድ ጭልፋ ለእሱ እቀንሳለሁ። የቀረው የኛ ነው፣ እንደፈለግን ጨውም ቃሪያም እንጨምራለን። ለእሱ በቀነስኩት ላይ ከእንጀራው ለስላሳውን መሐል በትንንሹ ቆራርሼ እፈተፍትና አምስት ደቂቃ ያህል እተወዋለሁ፣ እስኪርስ። ይህችን አምስት ደቂቃ አትዝለያት። ያልራሰ እንጀራ አፍ ውስጥ ተጠቅልሎ ላንቃ ላይ ይጣበቃል፤ ልጅ የሚጨነቀው በእሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በደንብ ዳምጪው፣ በሁለተኛው ጥቂት ቁራሽ ሳትዳምጪ ተይለት፣ ከዚያ እጁ እንዲያነሳ ፊቱ አስቀምጪለት። የተቀቀለ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ዱባ፣ የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶ በጣት ርዝመት ስትቆርጪለት ራሱ ጨብጦ ይገምጠዋል። ልብሱም ወለሉም ይበላሻል፣ ይበላሽ።

አጥሚቱን በተመለከተ እናትሽን አክብረሽ እንዲህ በያቸው፦ አጥሚት አብዛኛው ውኃ ነው፣ የልጁን ትንሽ ሆድ ይሞላና ምግቡን ያስቀረዋል። ከስድስት ወር በኋላ ልጅ ይዞት የተወለደው ብረት እያለቀ ስለሚሄድ ከምግብ ማግኘት አለበት። ገንፎ ከሆነ ማንኪያው ላይ የሚቆም፣ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ የገባበት ይሁን። ከዘጠኝ ወር ጀምሮ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ምግብ፣ በመሐል ደግሞ አንድ ሁለት ጊዜ መክሰስ፤ ጡቱ እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥላል። ሥጋ ጥርስ ለሌለው አይሆንም የሚባለውም ልክ አይደለም። በደንብ የተከተፈ ወይም የተፈጨ ሥጋ አልጫው ውስጥ ሲበስል ከክኩ ጋር ይላማል፤ ጉበት በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ። ሥጋው ከተወደደ እንቁላል አለ፣ አስኳሉም ነጩም ጠንከር ብሎ ተቀቅሎ ከድንች ጋር ይዳመጣል።

ጾም ሲገባ በብዙ ቤት የልጁም እንቁላል ይቀራል፣ ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ። በእኛም ቤት በሁዳዴ ይህ ነገር ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ጾም ግዴታ አታደርግም። እናቴን በዚህ አስረዳኋትና ለልጁ ትንሽ ድስት ከነማንኪያው ለየን፤ ከዚያ በኋላ እንቁላሉን የምትቀቅለው እሷው ነበረች።

አሁን የምትፈሪውን ልንገርሽ። ትን ማለትና መታነቅ ይለያያሉ። ልጁ ካሳለ፣ ድምፅ ካወጣ፣ ፊቱ ቀልቶ ወደ ላይ ካለው ጉሮሮው ራሱን እየጠበቀ ነው፤ ጣትሽን አታስገቢ፣ አጠገቡ ሆነሽ ጠብቂው። የሚያስፈራው ዝምታ ነው። ማሳልም ማልቀስም ካቃተውና ከንፈሩ ከጠቆረ ወዲያው በክንድሽ ላይ በደረቱ አስተኚው፣ ጭንቅላቱ ዝቅ ይበል፣ በመዳፍሽ ሥር ትከሻዎቹ መሐል 5 ጊዜ ምቺው። ካልወጣ ገልብጠሽ ደረቱ መሐል በሁለት ጣት 5 ጊዜ ጫን ጫን፣ እያፈራረቅሽ ቀጥዪ፣ ሰው ይጥራልሽ። ይህን ለባለቤትሽም፣ ለእናትሽም፣ ለሞግዚቷም አሳዪ። ልጁ ሁልጊዜ ቁጭ ብሎ ይብላ፣ እየዳኸ ወይም እየሳቀ አይጉረስ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ጥሬ ካሮት፣ ያልተሰነጠቀ ወይን ከአጠገቡ ይራቁ። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም፣ ጫፉን እንኳ አይቅመስ።

እንግዳ በሚበዛበት ቀን በተለይ ተጠንቀቂ። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ሁሉም ያን ልጅ ማጉረስ ይፈልጋል፤ የአዋቂ ጉርሻ ግን ለእሱ አፍ ትልቅ ነው፣ በርበሬም አለበት። እኔ የልጁን ሳህን ለይቼ ለአክስቶቹ እሰጥና «ከዚህ አጉርሱት» እላለሁ፤ ማንም አይከፋውም። አልበላም ሲል ግን አፍንጫውን ይዞ የሚግተው ሰው ካለ ዝም አትበዪ። አፉን ከዘጋ ወይም ፊቱን ካዞረ ጠግቧል፤ በሚቀጥለው ሰዓቱ ይበላል።

ስለ ጥርስ ካነሳሽ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለሚያስጨንቀኝ። በዚህ ዕድሜ ልጅ ሲያስቀምጠው «የወተት ጥርሱ ነው፣ ይነቀልለት» የሚሉ አሉ። እንዳትሰሚያቸው። ይህ ልጅ የሚዳኽበትና ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ጊዜ ነው፣ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ድዱን መቧጠጥ ደም መፍሰስና ከባድ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ በዚህ የሞቱ ልጆች አሉ። ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) ስጪው፣ ማጥባትሽን አታቋርጪ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። እጁንም እጅሽንም ከምግብ በፊት በሳሙና።

ነገ ምሳ ላይ ጀምሪ፣ ጠዋት ጡት ጠብቶ በጣም ሳይርበውም ሳይጠግብም። ሦስት አራት ማንኪያ ከበላ ለመጀመሪያ ቀን ይበቃዋል። ፊቱን ካጨማደደ አዲስ ስለሆነበት ነው፤ የእኔ ሁለተኛ ልጅ ምስርን የወደደው በስምንተኛው ወይ በዘጠነኛው ሙከራ ነው። ዓመት ሞልቶት የዳመጥሽውን እንኳ በየጉርሻው ትን የሚለው ከሆነ ወይም ክብደቱ ከቆመ ግን ሐኪም ይየው። እንዴት እንደበላ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።