መልስ፦ ቴራፒስቷ ልጅነትሽን አናግሪ አለችኝ፣ ይሄ ጤና ነው?

አብሽሪ እህቴ፣ ጤና ነው፣ የታወቀ የህክምና መንገድም ነው። እናትሽ ስትቆጣ ጓዳ ተደብቀሽ ታለቅሺ ነበር ብለሻል አይደል፣ እና ያኔ ማንም ያልመጣላትን ልጅ ዛሬ ትልቋ አንቺ በሀሳብሽ ገብተሽ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም ትያታለሽ፣ ትዝታው አይጠፋም ግን የሚያመጣው ፍርሃትና ሀፍረት ቀስ እያለ ሊቀንስ ይችላል። በደብዳቤም የሚያደርጉት አሉ። እኛ ጋ ልጅ አይደል ይረሳዋል ይባላል፣ በጣም ያናድደኛል፣ በፈረንጆቹ 1998 ላይ አሜሪካ የወጣው ትልቅ ጥናት እኮ የልጅነት ጉዳት በትልቅነት ከሚመጣ ድብርትና ከልብ በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ብቻ ከባዱን ትዝታ ለብቻሽ ቤት አትጀምሪው፣ ሲያፍንሽ አቁሚና ለቴራፒስትሽ ንገሪያት። ራስሽን የመጉዳት ሀሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ካለሽበት ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው፣ እዛ ሪፈራል ሆስፒታሉ ውስጥ የአእምሮ ህክምና አለ፣ የምታምኝው ሰው ይዘሽ ዛሬውኑ ሂጂ።