ክሩን ስነካው ጩኸቱ ለምን ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዓምድዎን ሁሌ ነው ማነበው። ከዋንዛ ቆርጬ የራሴን ኤሌክትሪክ ጊታር ሰራሁ፣ ሶስቱን ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት በማግኔት ሚለቅመው ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ያወጣሁት አንገቱ ከተሰበረ አሮጌ ጊታር ነው፣ ሶልደሩንም ራሴ ነኝ ያረኩት። ድምፁ አሪፍ ነው ግን ዝዝዝ ይላል፣ ማታ ፍሎረሰንቱ ሲበራማ አይጣል ነው። ክሩን ስይዘው በጣም ይቀንሳል፣ ስለቀው ይመለሳል። ጓደኛዬ ደሞ ክሩን ከግራውንድ ያገናኘው ሽቦ አንድ ቀን ይገድልሃል በጥሰው አለኝ። ልበጥሰው? ውስጡን በኩሽና ፎይል ብሸፍነውስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ እጅህ ይባረክ፣ ሽቦዋን ግን እንዳትበጥሳት። ክሩን ስትነካ ጩኸቱ መቀነሱ የብሪጅ ግራውንድህ (ክሮቹ ሚያርፉበትን ብረት ከግራውንድ ያገናኘችው ያቺው ሽቦ) በትክክል መስራቱን ነው ሚያሳየው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው መስመር 220 ቮልት ይዞ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ ያንተ ሰውነት ደሞ ያንን እንደ አንቴና ይለቅምና ጊታሩን ደረትህ ላይ አቅፈኸው ስለቆምክ ለፒክአፑ ያቀብለዋል። ክሩን ስትይዝ ሰውነትህ ከግራውንዱ ጋር አንድ ይሆንና ዝም ይላል፣ እንዲያውም ከኋላ መከለያ ይሆንልሃል። ብትነካውም ባትነካውም ለውጥ ባይኖረው ነበር ከብሪጁ ስር ወደ ቮልዩሙ ፖት (ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው) ጀርባ ሚሄደው ሽቦ የለም ወይ ተነቅሏል ምልህ፣ ስትነካው ሚብስ ቢሆን ደሞ ጃኩ (ኬብሉ ሚሰካበት) ላይ ሁለቱን ሽቦ አቀያይረሃል ማለት ነበር።

ቆይ ግን ፎይል ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ሞክር፣ ጊታሩን እንደያዝክ ክሩን ሳትለቅ ቀስ ብለህ ዙር። አንድ አቅጣጫ ላይ ጠፍቶ ሌላ ጋ ሚመለስ ወፍራም እምምም ካለ እሱ ሌላ በሽታ ነው፣ ከትራንስፎርመር ሚመጣ ማግኔት ነው፣ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ራሱ ውስጥ አለ፣ ቻርጀር ውስጥ አለ። እሱን የመዳብ ቴፕ አያቆመውም፣ ፒክአፑ ለክሩ ሚሰራው በዛው በማግኔት ስለሆነ። ሃምባከር ሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ጊብሰን የሚባለው ጊታር ሰሪ ቤት የተሰራውም ለዚሁ ነው፣ ሁለቱ ጥቅሎች የለቀሙት እምምም ተቃራኒ ሆኖ እርስ በርሱ ይጣፋል። ያንተው መሀለኛ ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠቀለለ ከሆነ የፒክአፕ መምረጫ ስዊቹን 2 ወይም 4 ላይ (መሀለኛው ከሌላው ጋር አብሮ ሚሰራበት) ስታረገው ይሄው ይፈጠራልና ሞክረው። ቀጭኑና ሚያናድደው ዝዝዝ ግን በሽፋን ሚድን ነው፣ ከጻፍከው እንደገባኝ ያንተም ይበልጡ እሱ ነው።

የኩሽና ፎይል ይሰራል ወይ ላልከው መሸፈኑን ይሸፍናል፣ ችግሩ አልሙኒየም ላይ ሊድ (ሶልደሩ) አይዝም፣ ስር ምትቀባው ሙጫም አንዱን ቁራጭ ከሌላው ይለየዋል። የመዳብ ቴፕ ካገኘህ እሱን አርገው፣ ፒክአፕና ፖት ሚቀመጡበትን ጉድጓድ ወለሉንም ግድግዳውንም አልብሰህ ጠርዙን ትንሽ ወደ ውጪ እጠፈው፣ የፕላስቲክ ሽፋኑንም ጀርባ አልብሰው ሁለቱ ሲገጠሙ እንዲነካኩ። አብዛኛው ርካሽ ቴፕ ሙጫው ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና መጋጠሚያዎቹ ላይ ጠብ ጠብ አርገህ በየዳቸው፣ ከዛ በመልቲሜትር ከዳር እስከ ዳር ለካው፣ ከ1 ወይ ከ2 ኦም በላይ ካሳየ የሆነ ቦታ ተቋርጧል። ከመዳቡ አንድ ሽቦ ወደ ቮልዩሙ ጀርባ ስደድ፣ አበቃ። ግራውንድ ሉፕ ሚባል ነገር (ግራውንዱ በሁለት መንገድ ተገናኝቶ ቀለበት ሲሰራ) ኢንተርኔት ላይ ብዙ ያስጨንቃል፣ ጊታር ውስጥ ግን ሉፑ ትንሽዬ ስለሆነ እኔ እንቅልፍ አጥቼበት አላውቅም።

የፖቱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ ነው ምትበይደው፣ ያለዚያ ሊዱ እንደ ውሃ ጠብታ ይንከባለላል፣ የመበየጃ አይረንህም 40 ዋት ገደማ ይሁን፣ ደካማ አይረን ይዘህ ስትቆይበት ፖቱን ውስጡን ታበስለዋለህ። እና እባክህ ጃኩ አካባቢ መዳቡን በኢንሱሌሽን ቴፕ ሸፍን። እኔ መጀመሪያ ስሰራ አንድ እሁድ ሙሉ ጊታሩ ጭጭ ብሎብኝ ፒክአፑ ተቃጠለ ብዬ ፈታታሁት፣ ለካ ኬብሉ ሲሰካ የጃኩ ምላስ እየተለጠጠ መዳቡን ትነካ ነበር።

የጓደኛህ ፍርሃት ግን ውሸት አይደለም፣ ቦታው ነው የተሳሳተው። የጊታሩ ግራውንድ በኬብሉ በኩል አንተን ከአምፑ አካል ጋር ያገናኝሃል፣ አምፑ ጤነኛ ከሆነና ስፒናው ኧርዝ ካለው ችግር የለም። ችግሩ ያለው ኧርዝ የሌለው ሶኬትና ኧርዙ የተቆረጠ ስፒና ላይ ነው፣ አሮጌ ቤት ውስጥ ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ ኖሮት ከኋላው ሽቦ ላይኖረው ይችላል። ስቶን ዘ ክሮውስ የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ሌስሊ ሃርቪ በፈረንጆቹ 1972 ዌልስ ስዋንሲ ውስጥ መድረክ ላይ የሞተው ግራውንድ ያልሆነ ማይክ ነክቶ ነው። ስለዚህ ማይክ ይዘህ ምትዘፍን ከሆነ መጀመሪያ መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አርገህ በክሩና በማይኩ ብረት መሀል ለካ፣ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት፣ አስር ሀያ ቮልት ካሳየ ነቅለህ ኤሌክትሪሻን ጥራ። ከንፈርህን ቆንጠጥ ካረገህማ መለካትም አያስፈልግ፣ ንቀል።

ጥያቄ፦ እኔ ምጫወተው ክራር ነው፣ ክሮቹ ናይለን ናቸው። የጊታር ፒክአፕ ባስገባበት ይሰማል? እሱስ ግራውንድ ይፈልጋል? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ አይሰማም እህቴ፣ የጊታር ፒክአፕ ብረት ብቻ ነው ሚሰማው። ላንቺ ሚሆነው የእንጨቱንና የቆዳውን ንዝረት ሚለቅመው ፒየዞ ነው፣ ያቺ ክብ ነሐስ መሳይ ሳንቲም፣ ክሮቹ ሚያርፉበት እንጨት አጠገብ ቆዳው ላይ ትለጠፋለች። ናይለን ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ክሩን ግራውንድ ማድረግ ሚባል ነገር የለም፣ ፒየዞ ግን ዝዝዝን ከፒክአፕ ባልተናነሰ ይለቅማልና ወደ ጃኩ ሚሄደው ሽቦ ሽልድ (ዙሪያውን ሚከልል ሁለተኛ ሽቦ) ያለው ይሁን፣ መሀለኛው ሽቦ የፒየዞው ነጩ ላይ ውጪኛው ነሐሱ ላይ። ከዛ ፒየዞውን መጀመሪያ በኢንሱሌሽን ቴፕ ጠቅልለሽ በላዩ መዳብ አልብሺው፣ መዳቡን ከነሐሱ ጋር አገናኚ። ድምፁ ቀጥታ አምፕ ላይ ሲገባ ቅጥነት ከበዛበት መሀል ላይ ፕሪአምፕ (ከአምፑ በፊት ሚገባ ትንሽ ማጉያ) ይፈልጋል። የብረት ክር ከቀየርሽ ግን ነገሩ እንደ አዳማው ልጅ ይሆናል፣ ክሮቹ ታች ሚታሰሩበት ጋ ብረት አስገብተሽ ከሱ ነው ሽቦ ምታወጪው።