ማንኮዜብ በስልኩ መተግበሪያ ላይ ብዙ ቦታ ተጽፎ ግራ ለገባው ወንድማችን

ወንድም ዓለም፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ቲሊሊ ላይ ሦስት ቃዳ (ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው) ድንች አለህ። የርጭት መጠን የሚያሰላ መተግበሪያ ስልክህ ላይ ጫንክ። «ማንኮዜብ» ብለህ ያንን የድንች በሽታ መከላከያ መድኃኒት ስትፈልግ 80 ደብሊው ፒ፣ 75 ደብሊው ጂ፣ ሜታላክሲል ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለ 72 እና 68 እያለ ይደረድርልሃል፤ የነካኸው ሁሉ ሌላ ሌላ መጠን ይሰጥሃል። ከጥያቄህ ሥር አንድ ሰው «ሁሉም ያው ማንኮዜብ ነው፣ የመጀመሪያውን ምረጥ» ብሎሃል። እባክህ ይህን ምክር አትቀበል። እኔ ቆጋ መስኖ ላይ የርጭት ሥራ ሳስተባብር ነው የኖርኩት፤ ድንችም ሽንኩርትም በዚህ ዓይነት ምርጫ ሲጎዳ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንያዝ። በዱቄት ወይም በጥራጥሬ መልክ በሚመጣ መድኃኒት ላይ ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከመቶው ስንቱ ዋናው መድኃኒት እንደሆነ ይናገራል። 80 ካለ ከአንድ ኪሎው ውስጥ 800 ግራሙ ማንኮዜብ ነው፤ የቀረው 200 ግራም ዱቄቱ ውኃ እንዲቀበልና እንዲበተን የሚያደርግ ነገርና መሙያ ነው። 75 ካለ 750 ግራም ነው። ፈሳሽ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለውን ግራም ያሳያል፤ ለስንዴ ዋግ የምንረጨው ቲልት 250 ኢ ሲ (ኢ ሲ ማለት ውኃ ውስጥ ሲገባ ወተት የሚመስል ዘይታማ ፈሳሽ ነው) በሊትር 250 ግራም ፕሮፒኮናዞል የያዘ ነው። የዱቄቱን ቁጥር በፈሳሹ ስሌት ካነበብከው ሁሉም ነገር ይዛባል።

የተቀላቀለው ላይ ቁጥሩ የሁለቱ መድኃኒቶች ድምር ነው። ሪዶሚል ኤም ዜድ 72 ደብሊው ፒ 8 ከመቶ ሜታላክሲልና 64 ከመቶ ማንኮዜብ ነው። ሪዶሚል ጎልድ ኤም ዜድ 68 ደብሊው ጂ ደግሞ 4 ከመቶ ሜታላክሲል-ኤም እና 64 ከመቶ ማንኮዜብ ነው። ገበሬው ቁጥሩ ዝቅ ማለቱን አይቶ «ይሄኛው ደካማ ነው» ብሎ ሲጨምርበት ሰምቻለሁ። ደካማ አይደለም። ሜታላክሲል መልካቸው እንደ ግራና ቀኝ እጅ የሚገለባበጥ የሁለት ሞለኪውሎች ቅልቅል ነው፤ በሽታውን የሚመታው በዋናነት አንደኛው ብቻ ነው፤ «ኤም» የተጨመረበት ያንኑ ለይቶ የያዘው ነው። ስለዚህ 4ቱ የ8ቱን ሥራ ይሠራል። በእጅህ ያለው 68 ሆኖ በመተግበሪያው ላይ 72ን ከነካህ ስሌቱ የሌላ መድኃኒት ስሌት ነው።

መዳብ ያለባቸው ዱቄቶች ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ኮፐር ኦክሲክሎራይድ አንዱ ማሸጊያ ላይ 85፣ ሌላው ላይ 50 ተብሎ ልታገኘው ትችላለህ፤ ዱቄቱ ግን አንድ ሊሆን ይችላል። 85ቱ ውህዱን በሙሉ ሲቆጥር 50ው በውስጡ ያለውን ንጹሕ መዳብ ብቻ ይቆጥራል። ቁጥሩ አነሰ ብለህ መጠኑን ካሳደግህ ቅጠሉን ታቃጥለዋለህ። ከቁጥሩ አጠገብ «መዳብ» የሚል ወይም «ኦክሲክሎራይድ» የሚል መኖሩን ተመልከት።

ወደ ፊደሎቹ ልምጣ፤ ፊደሎቹ ዱቄቱን ከውኃ ጋር ምን እንደምታደርገው ይነግሩሃል። ደብሊው ፒ የሚለው በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። አይሟሟም፤ እንደ በሶ ብጥብጥ ትንሽ ከተውከው ወደ ታች ይረጋል። በጀርባህ ያለውን መርጫ ሳትነቀንቅ ከሄድክ የመጀመሪያው መስመር አንድ ዓይነት፣ የመጨረሻው ሌላ ዓይነት መጠን ያገኛል፤ አፍንጫው ላይ ያለውም ወንፊት ይደፈናል። ቀድሞ ለወባ በየቤቱ ይረጭ የነበረው ዲዲቲም 75 ከመቶ የሚበጠበጥ ዱቄት ነበር፤ ረጪዎቹ ፓምፑን በየመሀሉ ይነቀንቁ የነበረው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ዱቄቱን በትንሽ ባልዲ፣ በትንሽ ውኃ ለቁጠው፤ መርጫውን እስከ ግማሽ ውኃ ሙላና ልቁጡን ጨምር፤ ከዚያ ሙላው። ሌላ ኢ ሲ የሆነ ፈሳሽ ከእሱ ጋር እንዲቀላቀል የተፈቀደ ከሆነ ዱቄቱ ይቀድማል፣ ፈሳሹ ይከተላል።

ደብሊው ጂ ያው የሚበጠበጥ ሆኖ በጥራጥሬ መልክ የተሠራ ነው። ሲቀዳ አይቦንም፤ ለሳንባ የተሻለ ነው፤ ዋጋው ካልከበደህ እኔ እሱን እመርጥልሃለሁ። ኤስ ፒ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ዱቄት ነው። ዲ ፒ ደረቁን የሚበተን ነው፣ ውኃ ውስጥ አይገባም። ደብሊው ኤስ ደግሞ ለዘር መለወሻ ነው፤ አፕሮን ስታር 42 ደብሊው ኤስ ከዚህ ወገን ነው። በእሱ የታሸ ዘር ለምግብም ለከብትም አይሆንም፤ ቅጠል ላይም አይረጭም። መተግበሪያው ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ስላስቀመጣቸው አንድ ሥራ የሚሠሩ እንዳይመስሉህ።

አሁን ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። መተግበሪያው «መጠን በሄክታር» ብሎ ሲጠይቅህ የሚፈልገው የዱቄቱን ክብደት ነው ወይስ በውስጡ ያለውን የዋናውን መድኃኒት? በመተግበሪያው ገጽ ላይ «ኤ አይ» የሚሉ ሁለት ፊደሎች ካሉ ዋናውን መድኃኒት ነው የሚጠይቅህ። በምሳሌ ላሳይህ፤ መጠኑ ለምሳሌ ብቻ ነው፣ ያንተን ከማሸጊያው ላይ አንብብ። ማሸጊያው 80 ደብሊው ፒ ሆኖ 2 ኪሎ ለሄክታር ይላል እንበል። ይህ 1.6 ኪሎ ማንኮዜብ ነው። «ኤ አይ» በሚለው ሣጥን ውስጥ 2 ብለህ ካስገባህ መተግበሪያው 2.5 ኪሎ ዱቄት ርጭ ይልሃል። 1.6 ብለህ አስገብተህ 80 በመምረጥ ፋንታ 75 ደብሊው ጂን ከነካህ ደግሞ 2 ኪሎ ከ133 ግራም ይልሃል። በተቃራኒው የዱቄት ክብደት በሚጠይቀው ሣጥን 1.6 ካስገባህ ድንችህ ከሚገባው አምስት እጅ አንድ እጅ ይጎድልበታል፤ ጭጋግና ዝናብ በሚደራረብበት በእኛ ደጋ የድንች ምች በሽታ ያንን ክፍተት አይምርም፤ ቅጠሉን አጥቁሮት ያድራል።

ቃዳ ደግሞ መተግበሪያው አያውቅም። አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነውና ለሦስቱ 0.75 ብለህ ጻፍ። በዚያው ምሳሌ 1.5 ኪሎ ዱቄት ይሆናል። በአንድ ሄክታር 320 ሊትር ውኃ የምትጨርስ ከሆነ ለሦስት ቃዳ 240 ሊትር፣ ማለትም በባለ 16 ሊትር መርጫ 15 ሙሌት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሙሌት 100 ግራም ይደርሰዋል። ይህ 320 ግን የሁሉም ሰው አይደለም። እርምጃህና የመርጫህ አፍንጫ ይወስኑታል። ዱቄት ሳትነካ ባዶ ውኃ ይዘህ የለካኸውን ቦታ ርጭ፣ ስንት ሊትር እንደሄደ እይ፤ መተግበሪያው ውስጥ የምታስገባው ያንን ነው።

100 ግራሙን በቆርኪ ወይም በሰርዲን ጣሳ አትስፈር። ደብሊው ፒና ደብሊው ጂ በአንድ ጣሳ እኩል አይመዝኑም፤ የተጠቀጠቀና የላላ ዱቄት እንኳ አይተካከልም። ትንሽ ሚዛን ግዛና ለዚሁ ሥራ ብቻ አድርገው፤ የቤት ማንኪያም ሆነ ሳህን በፍጹም አይግባበት። ስትመዝን ነፋሱን ለጀርባህ ስጥ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርግ፤ ደብሊው ፒ በጣም የሚጎዳው ገና ደረቁን ስትቀዳው ነው።

መተግበሪያውና ማሸጊያው ካልተስማሙ ማሸጊያውን ተከተል። መተግበሪያውን የሠሩት ሰዎች የሌላ አገር ዝርዝር ይዘው ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን በሕግ የሚመዘገበው ግን ለየትኛው ሰብል፣ በምን መጠን እንደሆነ ተወስኖ ነው። ማሸጊያው ተከፍቶ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥልህን ዱቄት ቁጥርም ፊደልም የለውምና በየትኛውም ስሌት ልታድነው አትችልም፤ አትግዛው።

የማሸጊያህን ፊትና ጽሑፍ የበዛበትን ጎን ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ላክልን፤ የመተግበሪያውን ገጽም ጨምር። የሚያበቃበት ቀን እንዲታይ አድርገህ አንሣው። ዛሬ ማታ አይቼ የትኛው መስመር እንደሆነ እነግርሃለሁ፤ እስከዚያ ዱቄቱን አትክፈተው።