ስለ ፔስሜከር ለጠየቀችኝ ልጅ እና ለጓደኞቿ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማር ሐኪም፣ ታማሚዎችን ዞረን ካየን በኋላ አስቁማኝ «ዶክተር፣ ለልብ ድካም ታማሚ ባይቬንትሪኩላር ይሻላል ወይስ ሌፍት ባንድል?» አለችኝ። ሁለቱም ፔስሜከር፣ ማለትም ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ መሣሪያ፣ የሚገጠምባቸው መንገዶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሁለቱንም የልብ ታችኛ ክፍሎች አብሮ ያስመታል፣ ሁለተኛው በልብ የራሱ የግራ የኤሌክትሪክ መስመር ይሄዳል። ንባቡን እሷ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። እኔ ግን ትዝ ያሉኝ ሌላ ሰው ናቸው።

ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሠርግ ሱፌን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። እጅጌው ረዘመ ብላቸው «ታድግበታለህ» ብለው ሳቁብኝ። ሱቃቸው የነበረበት ሰፈር አሁን ፈርሷል። ልባቸው አልፎ አልፎ ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ይልና ራሳቸውን ይስቱ ነበር። አንዴ የጋለ ካውያ እንደያዙ ወደቁ።

ያኔ ፔስሜከር የምናገኘው የውጭ ሐኪሞች በእርዳታ ይዘው ሲመጡ ነው። ተራቸው ደረሰና ተገጠመላቸው። ባለ አንድ ሽቦ ነው፤ ጫፉ የልባቸው ቀኝ ታችኛ ክፍል ውስጥ፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 70። መውደቁ ቀረ። ሁላችንም ደስ አለን።

የራሳቸው ልብ ግን አብዛኛውን ጊዜ 60 አካባቢ በደህና ይመታ ነበር። መሣሪያው 70 ላይ ስለተሞላ ሁልጊዜ ይቀድማቸዋል። ለጥቂት ሰከንድ ተብሎ የገባ ነገር ሌት ተቀን ሠራ። ከቀኝ የሚነሳ ምት ደግሞ በልብ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር አይሄድም። በጡንቻው በኩል እየተጎተተ ነው ግራው ዘንድ የሚደርሰው፤ ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች እኩል አይጨመቁም። «አንገቴ ላይ ይዘልብኛል» ይሉን ነበር። እኛ ይለምዱታል አልን። ከዓመታት በኋላ እግራቸው አበጠ፣ ያለ ሦስት ትራስ መተኛት አቃታቸው። የልብ አልትራሳውንዱ፣ ኤኮው፣ ልባቸው መስፋቱን አሳየ። ውሃ የሚያስወጣውን መድኃኒት፣ ላሲክስን፣ ጨመርን።

ቁጥሩን ወደ 50 ማውረድ ቢላዋ አይፈልግም፤ ጊዜም አይፈጅም። ነገር ግን የእያንዳንዱ ኩባንያ መሣሪያ የራሱን ፕሮግራመር፣ ከውጭ ሆኖ ቁጥሩን የሚቀይር ማሽን፣ ይፈልጋል። እሱ ከእንግዶቹ ጋር መጥቶ ከእንግዶቹ ጋር ሄዷል። ቢኖርስ ማን ያስብ ነበር? ዴቪድ የተባለው ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ዲፊብሪሌተር (አደገኛ የልብ ምት ሲነሳ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል መሣሪያ) የተገጠመላቸው፣ ደም የመርጨት አቅማቸው የደከመ ታማሚዎች ላይ፣ በ70 መምታት በ40 ተጠባባቂ ሆኖ ከመቀመጥ የከፋ ሆኖ ተገኘ። ሳነበው መጀመሪያ የታየኝ ካውያው ነው። በኋላ ፕሮግራመር ሲገኝ ወደ 50 ወረደላቸው። ደረጃ መውጣት ቀለል አላቸው። ቆሞ መተኮስ ግን አልሆነላቸውም። ያ አንገታቸው ላይ ይዘል የነበረ ነገር ዛሬም ይቆጨኛል።

እና ልጄ፣ የትኛው ይሻላል ከማለትሽ በፊት ይህ ሰው ስንት በመቶውን ጊዜ ልቡ በመሣሪያው መመታት ያስፈልገዋል ብለሽ ጠይቂ። መሣሪያው ራሱ ይመዘግበዋል። አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነ ቁጥሩን ዝቅ አድርጊለት። የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር ተቋርጦ መሣሪያውን ሁልጊዜ የሚፈልግ፣ ልቡም የደከመ ከሆነ ግን ቀኝ ብቻ አይበቃውም፤ ብሎክ ኤችኤፍ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ አሳይቷል። ከባይቬንትሪኩላር በደንብ የሚጠቀመው የግራ መስመሩ ተዘግቶ ኪውአርኤሱ (በኢሲጂ ላይ የኤሌክትሪክ ምልክቱ በታችኛ ክፍሎቹ ለመዳረስ የሚፈጅበት ጊዜ) 150 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ የሰፋ፣ የመርጨት አቅሙም ከ35 በመቶ ያልበለጠ ሰው ነው። ኬር ኤችኤፍ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ሞትን እንደሚቀንስ ያሳየው ሁለቱ ታችኛ ክፍሎች አብረው አልመታ ባሉት ላይ ነው። ኪውአርኤሱ ከ130 በታች ለሆነ ግን አትሞክሩት። ኤኮ ሲአርቲ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያ ላይ ሞት ጨምሮ አግኝቷል።

ሌፍት ባንድል እ.ኤ.አ. በ2017 ከቻይና የተሰማ ነው። ሽቦው የልብን መካከለኛ ግድግዳ ሰርስሮ የግራውን መስመር ራሱን ያገኘዋል። እናንተ ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ በቃላችሁ ይዛችኋል፤ እብጠት እንዳለ ለማየት የታማሚውን ቁርጭምጭሚት መጫን ግን ትረሳላችሁ። አዲስ ነገር ሲመጣ መሮጥ ትወዳላችሁ። ባይቬንትሪኩላር ያካበተው የዓመታት ማስረጃ ገና የለውም ብዬ ስንት ጊዜ ተከራክሬያችኋለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ነገ የእኔ መስመር ቢቋረጥ የማስገባው ሌፍት ባንድል ነው። ብቻ የሚሠራልኝ ሰው ብዙ የሠራ ይሁን፤ ከመውጣቴ በፊትም ቁጥሬን ይንገረኝ።