መልስ፦ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ያየኸው ጃዝ ቤዝ (የቤዝ ጊታር ዓይነት)
የድሮ ቅርጽ ያለው ያገለገለ ጃዝ ቤዝ ስገዛ ምን ልይ ላልከው፣ ወንድሜ፣ ከሁሉም በፊት አንገቱን ፈትሽ። ወፍራሙን ክር 1ኛው ፍሬትና (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት ነው) አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫን፤ 7ኛው ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ካለ ጥሩ ነው። በጣም ከሰፋ ትረስ ሮዱን፣ ማለትም አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ፣ ማጥበቅ ነው። ግን በዚህ ዓይነት ቤዝ ማጥበቂያው ብዙ ጊዜ አንገቱ ግርጌ ስለሚደበቅ፣ ክሩን አላልቶ አንገቱን የያዙትን አራት ብሎኖች መፍታት ይጠይቃል። የማጥበቂያው ራስ አለመላላጡን ሳታይ ብር አትክፈል፤ እሱ ከተበላሸ ጥገናው ከባድ ነው። በድሬ ደረቅ አየር እንጨቱ ሲኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል፤ ይሄ በደቃቅ ሞረድ ይስተካከላል፣ አያስፈራህ። አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ስትሰካው አንዱ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ማግኔት) ብቻውን ጉምጉም ቢል የተለመደ ነው። የሁለቱም ፒክአፕ ቮልዩም እኩል ተከፍቶ ጉምጉምታው ካልቀነሰ ግን የሽቦውን አገጣጠም ጠርጥር።