እናታችንን በዊልቸር ወደ ባሕር ዳርቻ መውሰድ እንችላለን?

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ወጣትነቷን ያሳለፈችው አባታችን የወደብ ሠራተኛ በነበረበት በአሰብ ስለሆነ ዛሬም ድረስ ስለ ባሕር ማውራት ትወዳለች። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ግን ከቤት የምትወጣው በዊልቸር ብቻ ነው። የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። «በዚህ ሰመር ባሕር እናሳይሽ» ስንላት «እናንተን አድክሜ ምን መዝናናት አለ» እያለች እምቢ ትለናለች። አሸዋ ላይ ዊልቸር እንደማይሄድ ስለምናውቅ እኛም አጥብቀን መከራከር አልቻልንም። ምን ትመክሩናላችሁ?
ልጇ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ የተከበሩ እኅታችን፣ እናትዎ ባሕር ዳር መድረስ ይችላሉ። የተለመደው ዊልቸር ጎማው ቀጭን ስለሆነ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል፤ ለአሸዋ ተብሎ የተሠራው ወንበር ግን እንደ ፊኛ የተነፉ ሰፋፊ ጎማዎች ስላሉት ከላይ እየተንሳፈፈ ይሄዳል። ከእናንተ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል በሚርቀው በኦሽን ሲቲ ይህ ወንበር ለጎብኚዎች ያለ ክፍያ በውሰት ይሰጣል። የዱር ፈረሶች በሚኖሩበትና ጸጥታ በሰፈነበት በአጎራባቹ የአሳቲግ ደሴት ብሔራዊ የባሕር ዳርቻም እንዲሁ። ወንበሩን የተቀመጠው ሰው በራሱ እጅ ሊያንቀሳቅሰው እንደማይችልና የሚገፋ ጉልበት ያለው ሰው እንደሚያስፈልግ ግን አስቀድመው ይወቁ፤ ለእናትዎም ይንገሯቸው። አሸዋው በጣም በላላበት ቦታ ወደ ፊት ከመግፋት ይልቅ ዞር ብሎ ወደ ኋላ መጎተት ይቀላል።

አንድ ሰዓት ያህል ጨምራችሁ መጓዝ ከቻላችሁ እኔ በግሌ የማስቀድመው በቨርጂኒያ ግዛት የሚገኘውን ቨርጂኒያ ቢችን ነው። የኦሽን ሲቲ የባሕር ዳር መንሸራሸሪያ በእንጨት የተነጠፈ በመሆኑ ዊልቸሩን ያንገጫግጫል፤ ስትሮክ ያገኘው ትከሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያም ስለሆነ ንዝረቱ ቀላል ነገር አይደለም። የቨርጂኒያ ቢች መንሸራሸሪያ ግን ሦስት ማይል ያህል የሚረዝም ሰፊና ለስላሳ ኮንክሪት ነው። የልጅ ልጆች አብረው የሚሄዱ ከሆነም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተውና አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር አብረው እንዲጫወቱበት የተሠራው ግሮሜት አይላንድ የተባለው መጫወቻ በዚያው ዳርቻ ላይ ይገኛል። የሜሪላንዱ የአካል ጉዳተኛ መኪና ማቆሚያ ምልክታችሁ በቨርጂኒያም ያገለግላል።

የጉዞው ፈተና ግን፣ እንደ እኔ ልምድ፣ ከአሸዋው ይልቅ ያለው በሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ነው። ከዓመታት በፊት በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ታላቅ ወንድሜን ይዘን ወደ አንድ የባሕር ዳር ከተማ ስንሄድ፣ ሆቴሉ ክፍሉ ለአካል ጉዳተኛ «ተደራሽ» መሆኑን በስልክ አረጋግጦልን ነበር። ስንደርስ መግቢያው ላይ ሁለት ደረጃዎች አገኘን፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ ከወንበሩ ይጠብ ነበር። ወንድሜ ሦስቱንም ሌሊት በእርጥብ ፎጣ ብቻ እየተጠራረገ አሳለፈ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ጉዞ ስናነሣበት ወሬውን ይቀይር ነበር። ስለዚህ «ተደራሽ ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ ልኩን ይጠይቁ።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ክፍተቱ ስንት ኢንች ነው? የአዋቂ ዊልቸር ወርዱ 25 ወይም 26 ኢንች አካባቢ ስለሆነ 32 ኢንች ይበቃል። ሻወሩ ደፍ የሌለውና በወንበር ቀጥታ የሚገባበት ነው ወይስ ገንዳ? የሚቀመጡበት መቀመጫስ አለው? የአልጋው ከፍታ ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር ይመጣጠናል? ለእናትዎ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ግን ሽንት ቤት ሲቀመጡ በግድግዳው ላይ ያለው የእጅ መደገፊያ ብረት በደኅናው በቀኝ እጃቸው በኩል መሆኑ ነው፤ በግራ በኩል ከሆነ ለእሳቸው እንደሌለ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግና ከ2012 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሆቴል ቦታ መያዣ ደንብ፣ ሆቴሎች እነዚህን ዝርዝሮች እንዲናገሩና የያዙትንም ያንኑ ክፍል ለሌላ ሳይሰጡ እንዲያቆዩ ያስገድዳሉ። መልሱን በኢሜይል አስልከው በእጅዎ ይያዙት።

የአትላንቲክ ማዕበል ዳር ላይ በኃይል የሚሰበር ስለሆነ እናትዎ እንደሚያውቁት እንደ ቀይ ባሕር አይደለም፤ ወንበሩን ወደ ጥልቁ አታስገቡት፣ አረፋው እግራቸውን የሚነካበት ቦታ ይበቃል። ግራ እግራቸው ሙቀትን በደንብ የማይለይ ከሆነ የጋለ አሸዋ ሳይሰማቸው ሊያቃጥላቸው ስለሚችል በነጠላ ወይም በፎጣ ይሸፈን። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ስለ ፀሐዩ ሐኪማቸውን ያማክሩ።

እምቢታቸውን በተመለከተ፣ «እንወስድሻለን» ማለቱን ትተው ምክራቸውን ይጠይቁ። በስንት ሰዓት እንውጣ፣ ወንበሩን ማን ይግፋ፣ ውሃው ይንካሽ ወይስ ከመንሸራሸሪያው ሆነሽ ማየት ይበቃሻል? የአሰብን ባሕር በቅርብ የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና መሪዋ እሳቸው ይሁኑ። መልሳቸው ከመንሸራሸሪያው ማየት ብቻ ከሆነም አያስጨንቋቸው።

ጊዜውን እኔ ብመርጥ ከሌበር ዴይ (በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ከሚከበረው የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) በኋላ፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት ባሉት ቀናት አደርገው ነበር፤ ውሃው ገና ሞቅ ያለ ነው፣ ሕዝቡ ቀንሷል፣ የክፍሉም ዋጋ ይወርዳል። የአሸዋው ወንበር በእነዚያ ቀናት የሚሰጥ መሆኑን ግን ሆቴሉን ከመያዝዎ በፊት ለከተማው ደውለው ያረጋግጡ።