ጃፓን ለምትኖሩ ወገኖቼ፦ ስለ ያኩዛ ልታውቁት የሚገባ

ቶኪዮ ውስጥ በካትሱሺካና በሌሎች አካባቢዎች ለምትኖሩ፣ ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ ጃፓን ለምትመጡ ወገኖቼ ይህን የምጽፈው፣ ያኩዛን፣ ማለትም የጃፓንን የተደራጁ የወንጀል ቡድኖች፣ የምታውቁት በፊልም ብቻ እንዳይሆን በመስጋት ነው።

የቡድኖቹ መነሻ በኤዶ ዘመን (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1603 እስከ 1868) በየበዓሉ እየዞሩ የሚነግዱት «ተኪያ» እና ቁማር የሚያጫውቱት «ባኩቶ» ናቸው። ስሙም ከካርታ ጨዋታ የመጣ ነው፤ «ያ» ስምንት፣ «ኩ» ዘጠኝ፣ «ዛ» ሦስት ሲሆኑ ድምራቸው 20 ነው፣ የሚቆጠረውም የመጨረሻው አሃዝ ብቻ ስለሆነ እነዚህ ካርታዎች የደረሱት ተጫዋች ባዶውን ይቀራል።

አለቃው «ኦያቡን»፣ ተከታዩ «ኮቡን» ይባላሉ፤ ትርጉሙ የአባትና የልጅ ድርሻ እንደ ማለት ነው፤ ዝምድናውም የሚጸናው ከሩዝ የሚጠመቀውን ሳኬ በጽዋ ተቀባብሎ በመጠጣት ነው። የእኛን የጡት አባትና የጡት ልጅ ወግ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። ነገር ግን የእኛ ወግ ለእርቅና ለመጠጊያ ሲሆን፣ በእነርሱ ዘንድ ልጅ የተባለው በአለቃው ፋንታ እስር ቤት እስከ መግባት ይታዘዛል፤ ያጠፋም የትንሿን ጣቱን ጫፍ ቆርጦ ይቅርታ ይጠይቅበታል። የእነርሱ ውለታ በነጻ አይሰጥም የምለው ለዚህ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ180 ሺህ በላይ የነበሩት አባላት፣ በ1992 በሥራ ላይ የዋለው ሕግና እስከ 2011 በየአውራጃው የወጡት ደንቦች ስላጠበቧቸው ዛሬ ከ20 ሺህ በታች ወርደዋል። ቤት ስትከራዩ ወይም የባንክ ሒሳብ ስትከፍቱ ከእነርሱ ጋር ግንኙነት እንደሌላችሁ የምትፈርሙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሳታነቡ አትፈርሙ።

ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ንቅሳት ያለው የያኩዛ ሽማግሌ አይደለም፤ በስልክ የሚመጣው «ያሚ ባይቶ» የሚባለው የጨለማ ሥራ፣ ማለትም ሰውን በወንጀል የሚያሰማራው ሥራ ነው። ከአረጋውያን ፖስታ መቀበል ወይም በሌላ ሰው ካርድ ገንዘብ ማውጣት ብቻ ነው ይሏችኋል፤ አስቀድመው ግን የመታወቂያችሁን ፎቶ ይቀበላሉ፣ ልተው ስትሉም ቤተሰባችሁን እየጠቀሱ ያስፈራራሉ። ወደ አገሩ ሲመለስ የባንክ ካርዱን ሊሸጥ የነበረ አንድ ወንድማችንን ለምኜ አስትቼዋለሁ፤ ሽያጩ ራሱ ወንጀል መሆኑን አያውቅም ነበር። በዚህ ወጥመድ የገባችሁ ካላችሁ ማስፈራሪያውን ፈርታችሁ አትቀጥሉ፤ ወደ ፖሊስ የምክር መስመር #9110 ደውሉ፣ ቋንቋው ካስቸገራችሁም ጃፓንኛ የሚችል ወገን ይዛችሁ ወደ ጣቢያ ሂዱ።